የማዕድን ማውጫውን ውሃ ማን ይመርምር? የገለልተኛ ባለሙያ ክትትል ዳሰሳ

ከማዕድን ማውጫ የሚገኘው ወርቅ ወይም አልማዝ ጥቂት ነው፤ የሚተርፈው ብዙ። የተፈጨው ድንጋይ ከውሃና ከኬሚካል ጋር ተደባልቆ ዝቃጭ ሆኖ ይጠራቀማል፣ የተቆፈረው አፈር ይከመራል፣ ከጉድጓዱ የተሳበው ውሃም አንድ ቦታ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ሁሉ ከማንም በፊት የሚያውቀው ቆፋሪው ኩባንያ ነው። ናሙና የሚወስዱት የእሱ ሠራተኞች ናቸው፤ ለላቦራቶሪው የሚከፍለውም፣ ሪፖርቱን የሚጽፈውም እሱ ነው። መንግሥት ደግሞ ፈቃድ ሰጪም፣ ሮያሊቲ ተቀባይም፣ ተቆጣጣሪም ሆኖ ይቀመጣል። ከማውጫው በታች የሚኖረው ሰው ግን ውሃውን ይጠጣል እንጂ መቶ ገጽ የውሃ ጥራት ሰንጠረዥ ፈትቶ የሚነግረው ባለሙያ የለውም። ከኩባንያውም ከመንግሥትም ያልሆነ፣ ሙያው ያለው ሦስተኛ ወገን ይግባበት የሚለው ሐሳብ የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

ሐሳቡን በግልጽ የሚቃወም ብዙም አይገኝም። ጠቡ የሚጀምረው ወደ ዝርዝሩ ሲገባ ነው። ባለሙያውን ማን ይሹመው? ማን ይክፈለው? ያገኘውን ለማን ይንገር? የተነገረው ወገንስ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት? እነዚህ አራት ጥያቄዎች «ገለልተኛ» በሚል አንድ ቅጽል ሥር ተጠቅልለው ሲቀርቡ ብዙ ነገር ይድበሰበሳል። ከዚህ በታች በየተራ እንመለከታቸዋለን። የውጭ አገሮቹ ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢትዮጵያው ክፍል በእኛው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መነሻው፦ ራንጀር

ሐሳቡ ቀድሞ በሕግ መልክ ከያዘባቸው ስፍራዎች አንዱ የአውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት ነው። ራንጀር የተባለው የዩራኒየም ማውጫ ከመከፈቱ በፊት የፌዴራሉ መንግሥት በዳኛ ራስል ፎክስ የሚመራ አጣሪ ጉባኤ ሰየመ፤ ጉባኤውም በ1976 እና በ1977 ሁለት ሪፖርቶች አቀረበ። ቦታው የሚራር ሕዝብ ርስት ነው፣ ዙሪያውም ዛሬ የካካዱ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ማውጫው በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ይከፈት ተባለ። በ1978 በወጣው ሕግም «ተቆጣጣሪ ሳይንቲስት» የሚባል የፌዴራል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሥራው በኩባንያው ቁጥር ላይ ብቻ ሳይመካ አካባቢውን ራሱ መመራመርና መከታተል ነበር።

አሠራሩ በሳይንሱ ረገድ የሚያስቀና ነው። የመሥሪያ ቤቱ ተመራማሪዎች ከማውጫው በላይና በታች በማጌላ ወንዝ ውስጥ ትናንሽ የውሃ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ አድርገው ያስቀምጡና በጥቂት ቀናት ውስጥ የጣሉትን እንቁላል ይቆጥራሉ። የታችኞቹ ከላይኞቹ አንሰው ከተገኙ፣ የኬሚካሉ ቁጥር ገና ጣሪያውን ባይነካም ውሃው ውስጥ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ምርመራ ኩባንያ በራሱ ተነሳሽነት አያደርገውም፤ የዕለት ሥራ የተደራረበበት የመንግሥት ተቆጣጣሪም ጊዜ አያገኝለትም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ላይ ነበር። ኩባንያውን ማዘዝና መቅጣት የሰሜናዊው ግዛት መንግሥት ሥልጣን ሲሆን ሳይንቲስቱ በዋናነት አማካሪ ነው። የአውስትራሊያ ሴኔት ኮሚቴ በ2003 የዩራኒየም ማውጫዎችን ቁጥጥር መርምሮ የአሠራር ድክመትና ደንብ መጣስ ተደጋግሞ እንደሚታይ ገለጸ። በዓመቱ፣ በማርች 2004፣ በራንጀር የማምረቻው ውሃ ከመጠጥ ውሃው መስመር ጋር ተገናኝቶ ሠራተኞች ጠጡት፣ ገላቸውንም ታጠቡበት፤ ኩባንያው በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ 150,000 የአውስትራሊያ ዶላር ተቀጣ። በዲሴምበር 2013 ደግሞ የማምረቻው ታንከር ፈንድቶ አሲድ ያለበት ጭቃ ፈሰሰ። ከአጥሩ ውጭ ያለው ወንዝ አልተጎዳም የሚለው መደምደሚያ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሲደጋገም ቆይቷል፤ በሳይንስም ትክክል ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ወንዙ ደህና መሆኑና ከአጥሩ ውስጥ ያለው አሠራር ደህና መሆኑ አንድ ነገር አይደሉም። ቀንድ አውጣው ስለ ቧንቧ አይመሰክርም።

ራንጀር አንድ ተጨማሪ ትምህርት ጥሏል። በ1990ዎቹ መጨረሻ አጠገቡ ያለው ጃቢሉካ ሊቆፈር ሲል ጉዳዩ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ፤ የዓለም አቀፉ የሳይንስ ምክር ቤት ባለሙያዎችም የአውስትራሊያን ጥናት ገመገሙ። ከዚያ በኋላ ተቆጣጣሪውን ሳይንቲስት ራሱን የሚገመግመው የቴክኒክ ኮሚቴ አብዛኞቹ አባላቱ ነጻ ሳይንቲስቶች እንዲሆኑ ተደረገ። ጠባቂውን የሚጠብቅ ጠባቂ አስፈለገ ማለት ነው።

ኤካቲ፦ ሰባት ሰዎችና የጽሑፍ መልስ

በብዛት የሚጠቀሰው አርአያ ግን ካናዳዊ ነው። በ1991 ከየሎናይፍ ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በላክ ደ ግራ ሐይቅ አካባቢ አልማዝ ተገኘ። ቢኤችፒ የተባለው ኩባንያ ኤካቲ የተሰኘውን የካናዳን የመጀመሪያ የአልማዝ ማውጫ ለመክፈት ሲነሳ የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ማለትም ዴኔዎች፣ ኢኑዊቶችና ሜቲሶች ስጋታቸውን አሰሙ። አካባቢው ሐይቅ በሐይቅ ነው፤ አልማዝ ያዘለው ዓለትም ከሐይቆቹ ሥር ስለሚገኝ ውሃው ተጠርጎ መውጣት ነበረበት። የካሪቡ ማለትም የዋልታ አጋዘን መንጋ የሚያልፈውም በዚያው ነው። በጃንዋሪ 1997 ኩባንያው፣ የፌዴራሉ መንግሥትና የግዛቱ መንግሥት የአካባቢ ስምምነት ፈረሙ። «ገለልተኛ የአካባቢ ክትትል ኤጀንሲ» የተወለደው ከዚህ ስምምነት ነው። ምርት የተጀመረው በ1998 መጨረሻ ገደማ ስለሆነ ጠባቂው ከማውጫው ቀድሞ ሥራ ጀመረ።

የኤጀንሲው አወቃቀር ዝርዝሩ ሊታይ ይገባዋል። ሰባት ዳይሬክተሮች አሉት፤ አራቱን ነባር ሕዝቦች ይሾማሉ፣ ሦስቱን ኩባንያውና ሁለቱ መንግሥታት ከነባር ሕዝቦች ጋር ተመካክረው በጋራ ይመርጣሉ። የተሾመው ሰው የሾመው ወገን ቃል አቀባይ አይደለም፤ የሚፈለገው በሙያው ነው። ወጪውን በዋናነት የሚሸፍነው ኩባንያው ነው። ማገድም መቅጣትም አይችልም። የሚችለው የክትትል ዕቅዶችንና ውጤቶችን ማንበብ፣ ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት፣ ምክረ ሐሳብ ማቅረብና ያየውን በየዓመቱ ለሕዝብ ማሳተም ነው። ምክሩን ያልተቀበለ ኩባንያ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት።

በእኔ አስተያየት የስምምነቱ ልብ ይህች የመጨረሻዋ ግዴታ ናት። ማንም ሰው አማካሪን በትህትና አዳምጦ ማሰናበት ይችላል። «ያልተቀበልኩት በዚህ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ በታተመ ሰነድ ላይ መፈረም ግን ከባድ ነው፤ ደካማ ምክንያት በሚቀጥለው ዓመት ተጠቅሶ ይመለሳል።

የኤጀንሲውን ጥቅም በአንድ ምሳሌ እንየው። በማውጫው የሚፈነዳው ፈንጂ በአሞኒየም ናይትሬት ላይ የተመሠረተ ነው። ሳይቃጠል የቀረው ቅሪት ከዓለቱ ጋር ወደ ማቀነባበሪያው ይገባል፤ ከዚያ ሎንግ ሌክ ወደሚባለው የዝቃጭ ማጠራቀሚያ፣ ከዚያም በሰንሰለት ወደ ተያያዙት ትናንሽ ሐይቆች ይወርዳል። በየዓመቱ በሚወሰደው ናሙና የናይትሬት፣ የክሎራይድ፣ የፖታሲየምና የሞሊብዴነም መጠን በታችኞቹ ሐይቆች እየጨመረ መጣ፤ ለዓሣ ምግብ መነሻ የሆኑት ደቃቃ የውሃ ሕያዋን ስብጥርም ተቀየረ። በዚህ ጊዜ ሁለት ዓይነት አነባበብ አለ። አንደኛው ውጤቱ በፈቃዱ ከተቀመጠው ጣሪያ በላይ ነው ወይስ በታች ብሎ ይጠይቅና በታች ከሆነ ፋይሉን ይዘጋል። ሁለተኛው መስመሩ ወዴት እያመራ ነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላስ የት ይደርሳል ይላል። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፈቃዱ ቃል የታሰረ ስለሆነ ወደ መጀመሪያው ያደላል። ሁለተኛውን ጥያቄ ዓመት ከዓመት የሚያነሳ ሰው ካልተመደበለት ማንም አያነሳውም።

ማውጫው ባለቤት ቀያይሯል። በ2013 ለዶሚኒየን ዳይመንድ ተሸጠ፤ ዶሚኒየን በ2020 ከአበዳሪዎች የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፤ በ2021 ወደ አርክቲክ ካናዲያን፣ በ2023 ደግሞ በርገንዲ ወደተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ዞረ። ስምምነቱና ኤጀንሲው ግን ከማውጫው ጋር አብረው ተሻገሩ። የፈቃደኝነት ቃል ኪዳን ቢሆን ኖሮ ከመጀመሪያው ሽያጭ በኋላ የሚያስታውሰው መኖሩ ያጠራጥራል።

ባለሙያ ይሁን ወይስ ተወካይ?

ከኤካቲ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በዚያው ሐይቅ ላይ ዳያቪክ የተባለው ሁለተኛ ማውጫ ሲከፈት የተመረጠው መንገድ ተለየ። በ2001 ሥራ የጀመረው የዳያቪክ የአካባቢ ክትትል አማካሪ ቦርድ ስምምነቱን የፈረሙት ወገኖች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው የሚልኩበት ነው። ኩባንያው ራሱ ወንበር አለው። በኤካቲ ሳይንስ የተማሩ ገምጋሚዎች፣ በዳያቪክ ደግሞ ባለጉዳዮች ተቀመጡ፤ ባለሙያውን ቦርዱ ሲፈልግ ይቀጥራል።

የትኛው ይሻላል? የመጀመሪያውን የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ግልጽ ነው፦ ኩባንያው አሥር ፒኤችዲ አሰልፎ ሲመጣ ፊት ለፊቱ የሚቀመጠው ሰው ሞዴሉን መፍታት መቻል አለበት። የሁለተኛው ደጋፊዎች በበኩላቸው የትኛው ጥያቄ እንደሚጠና የሚወስነው ማን ነው ይላሉ። ላክ ደ ግራ ላይ ለዓመታት የተካሄደ አንድ ምርመራ አለ። የነባር ሕዝቦች ሽማግሌዎች ሐይቁ ዳር ሰፍረው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይበልታሉ፣ ሥጋውንና የሆድ ዕቃውን ያያሉ፣ ያበስሉና ይቀምሳሉ፤ ከዚያ እንደ ድሮው ነው ወይስ ተለውጧል የሚለውን ይናገራሉ። በላቦራቶሪ የብረት መጠን መለኪያ ይህ ጥያቄ አይመለስም፤ ሰዎቹ ማወቅ የሚፈልጉት ግን እሱን ነው። ዓሣው በቁጥር ንጹሕ ሆኖ ሰው መብላት ቢያቆም ጉዳቱ ደርሷል።

የሿሚው ማንነት ምን ያህል እንደሚከብድ ያናኮቻ አሳይቷል። በጁን 2000 ከዚህ የፔሩ የወርቅ ማውጫ ሜርኩሪ ጭኖ የወጣ መኪና 151 ኪሎ ግራም ያህሉን ቾሮፓምፓ በተባለችው ከተማና በመንገዱ ላይ አፈሰሰ። የዓለም ባንክ ቡድን አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት የውይይት መድረክ አቋቁሞ ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች ሰፊ የውሃ ጥናት አሠራ። ብዙ የአካባቢው ድርጅቶች ግን አንቀበለውም አሉ። ከዚያው ባንክ ቡድን የሆነው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን የማውጫው የአምስት በመቶ ባለድርሻ ነበር። የጥናቱ ጥራት ይህን ጥርጣሬ ሊያነሳው አልቻለም።

ሦስተኛው መንገድ በአሜሪካዋ ሞንታና የተሞከረው ነው። በ2000 የስቲልዎተር ፕላቲነምና ፓላዲየም ማውጫ ኩባንያ ከአካባቢው ማኅበራት ጋር «የመልካም ጉርብትና ስምምነት» ተፈራረመ። ስምምነቱ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ሲሆን ማኅበራቱ የራሳቸውን ባለሙያ መርጠው ክፍያውን ኩባንያው ይሸፍናል። መንግሥት በመካከሉ የለም። ባለሙያው ለማን እንደሚሠራ ስለሚታወቅ ገለልተኛ ነኝ ማለትም አያስፈልገውም፤ ሐቀኝነቱ ደስ ይላል። የሚፈርምና ጠበቃ የሚያቆም የተደራጀ ማኅበረሰብ ግን ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ በየቦታው አይገኝም።

ብሩማዲኞ፦ ፊርማ ሲሸጥ

ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በብራዚል ብሩማዲኞ የቫሌ ኩባንያ የዝቃጭ ግድብ በምሳ ሰዓት ተደረመሰ። የሠራተኞች የምግብ አዳራሽና ቢሮዎች ከግድቡ ሥር ነበሩ፤ 270 ሰዎች አለቁ። ግድቡ ከወራት በፊት የጽናት ማረጋገጫ አግኝቶ ነበር። ማረጋገጫውን የሰጠው ቱቭ ዙድ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ቅርንጫፍ ነው። በወረቀት ላይ ከታየ ሁሉም ነገር ተሟልቷል፦ የውጭ ኦዲተር አለ፣ ስሙ የታወቀ ነው፣ ሕጉም ይጠይቀዋል።

ወደ ቁጥሩ ጠጋ ብለን እንየው። መሐንዲሶች የግድብን ጽናት የሚለኩት የመቋቋም አቅሙን ለመናድ በሚገፋው ኃይል በማካፈል ነው። አንድ ማለት አፋፍ ላይ መቆም ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ስሌት በሙያው የተለመደው ዝቅተኛ ልክ 1.3 ገደማ ሲሆን የ2018ቱ ጥናት ያገኘው 1.09 ነበር። ማረጋገጫው ግን ተሰጠ። ቫሌ የሰየመው የመሐንዲሶች ቡድን በዲሴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት የመደርመሱ መንስኤ የዝቃጩ በድንገት እንደ ፈሳሽ መሆን ነው አለ። ቱቭ ዙድ በሕግ ተጠያቂ አይደለሁም ብሎ ይከራከራል፤ የተጎጂዎች ክስ ጀርመን ድረስ ተሻግሯል።

ከዚህ በኋላ የብዙ ሰው መደምደሚያ «ከኩባንያው ደመወዝ የሚበላ ገለልተኛ አይሆንም» የሚል ሆነ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። የኤካቲው ኤጀንሲም የሚኖረው በኩባንያው ገንዘብ ነው። ልዩነቱ የብራዚሉ ኦዲተር በኩባንያው ተመርጦ፣ ከዚያው ኩባንያ ጋር ሌላ የማማከር ውል እየሠራ፣ ሪፖርቱን ለራሱ ለኩባንያው ማስረከቡ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ውልም የኩባንያውን ፊት ማየቱ ነው። የኤካቲዎቹን ዳይሬክተሮች ኩባንያው ብቻውን አይሾምም፣ ብቻውን አያነሳም፣ ጽሑፋቸውን አስቀድሞ አያርምም። ገንዘቡ ከአንድ ኪስ ቢወጣም የሚፈስበት ቦይ ይለያያል።

ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ በኦገስት 2014 የተናደው የማውንት ፖሊ ግድብ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያነሳል። 25 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት ውሃና ዝቃጭ ወደ ሐይቅ ፈሰሰ፤ ሰው ግን አልሞተም። ኖርበርት ሞርገንስተርን፣ ስቲቨን ቪክና ዲርክ ቫን ዚል የተሰየሙበት ቡድን በጃንዋሪ 2015 ምክንያቱን አቀረበ። በመሠረቱ ሥር ከበረዶ ዘመን ሐይቅ የቀረ ደካማ የአፈር ንብርብር ነበር፤ ንድፉ አላወቀውም። ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጎበኙ ኖሮም አደጋው አይቀርም ነበር አለ ቡድኑ። ከላይ የሚታይ ነገር የለምና። ስለዚህ የሚያስፈልገው ንድፉን ከሥሩ የሚጠይቅ የከፍተኛ መሐንዲሶች ገምጋሚ ቦርድ ነው ተባለ። በሌላ በኩል የግዛቲቱ ዋና ኦዲተር በ2016 መርምራ ጣቷን ወደ መንግሥት ቀሰረች፦ ማዕድንን የሚያስፋፋውና ማዕድንን የሚቆጣጠረው አንድ ሚኒስቴር መሆኑ አደጋ ስለሆነ ቁጥጥሩ ተለይቶ ይውጣ አለች። ሁለቱ ሪፖርቶች ስለ አንድ ግድብ ሁለት የተለያየ በሽታ ይናገራሉ፤ አንዱን ማዳን ሌላውን አያድንም።

ከ2020 ወዲህ

ከብሩማዲኞ በኋላ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የጡረታ ቦርድና የስዊድን የጡረታ ፈንዶች የሥነ ምግባር ምክር ቤት ከ700 በላይ ኩባንያዎች ስለ ግድቦቻቸው እንዲገልጹ ጠየቁ። በኦገስት 2020 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም፣ የባለሀብቶች ማኅበርና ትልልቆቹ ኩባንያዎች ያሉበት የማዕድንና ብረታ ብረት ምክር ቤት ዓለም አቀፍ የዝቃጭ አስተዳደር ደረጃ አወጡ። ደረጃው ቢናዱ ብዙ ሕይወት ሊያጠፉ የሚችሉ ግድቦች ሁሉ ገለልተኛ ገምጋሚ ቦርድ እንዲኖራቸው ያዝዛል።

ትልቅ እርምጃ ነው፤ ግን ምን ዓይነት ቦርድ እንደሆነ ይታይ። የሚሰየመው በኩባንያው ነው፣ ሪፖርቱንም የሚያቀርበው ለኩባንያው ኃላፊ ነው። ሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው ማጠቃለያው ነው። የቦርዱ ደጋፊዎች ለዚህ አሠራር በቂ ምክንያት አላቸው። መሐንዲስ በዝግ ክፍል «ይህ ንድፍ አያስኬድም» ለማለት ይደፍራል፣ በአደባባይ ግን ቃላቱን ይመዝናል። ተቺዎቹ ደግሞ፣ ማይኒንግ ዎች ካናዳና ኧርዝዎርክስ ያሉበት ወገን፣ በራሳቸው ባወጡት መመሪያ ከግድቡ ሥር ያለው ሰው እንቢ የማለት መብት ከሌለው ግምገማው ለባለሀብቶች መጽናኛ ነው ይላሉ።

ክርክሩ የማይቋጨው ሦስት ሥራዎች በአንድ ስም ስለሚጠሩ ይመስለኛል። ኦዲተር ደንብ መከበሩን ያረጋግጣል። ገምጋሚ ቦርድ ንድፍ ያሻሽላል፤ ለእሱ ምስጢር ሊጠቅም ይችላል። የሕዝብ ጠባቂ ደግሞ ያየውን ይናገራል፤ ለእሱ ምስጢር ሞት ነው። አንድ ኩባንያ «ገለልተኛ ባለሙያ ይከታተለናል» ሲል ከሦስቱ የትኛውን እንዳለው ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም።

ማስረጃው እስከምን ይናገራል?

እውነቱን ለመናገር፣ ቀጭን ነው። ገለልተኛ ክትትል የሚተከለው ጠንካራ ተቃውሞ በነበረበት፣ ኩባንያው አቅም ባለው፣ መንግሥትም በሚሰማበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለ ማውጫ ያለ ክትትሉም ከሌሎቹ ሊሻል ይችላል፤ ስለዚህ ክትትል ያለውንና የሌለውን አነጻጽሮ ልዩነቱን ሁሉ ለክትትሉ መስጠት አይቻልም። የክትትል ትልቁ ድል ደግሞ ያልደረሰ አደጋ ነው፤ ያልደረሰን ነገር ደግሞ መቁጠር ይከብዳል። ስንት ምክረ ሐሳብ ተቀባይነት አገኘ የሚለው መለኪያ ቀላል ቢመስልም አማካሪው ተቀባይነት የሚያገኘውን ብቻ እንዲመክር ይገፋፋል።

ለክትትሉ ወሰን ጠንካራው ማስረጃ የባተርስት ካሪቡ መንጋ ነው። በ1986 470,000 ገደማ የነበረው መንጋ በ2018 ወደ 8,200፣ በ2021 ወደ 6,240 ወረደ። መንስኤው ማዕድን ማውጫዎቹ ናቸው ለማለት አይቻልም፤ የአየር ንብረት፣ አደን፣ ተኩላ፣ መንገድ ሁሉም ይጠቀሳሉ፣ ድርሻቸውም ገና አከራካሪ ነው። ነገር ግን በመንጋው መንገድ ላይ ኤካቲም፣ ዳያቪክም ጠባቂ እያላቸው እያንዳንዱ ጠባቂ የሚያየው የራሱን ማውጫ ነው። የሁሉንም ድምር ውጤት እንዲይዝ የተሾመ አልነበረም። ጋቾ ኩዌ የተባለው ሌላው የአልማዝ ማውጫ ሲከፈት ደግሞ መንግሥት ስምምነቱ ውስጥ ሳይገባ ክትትሉ በኩባንያውና በነባር ሕዝቦች መካከል ቀረ። አርአያ የተባለው አሠራር በተወለደበት ግዛት እንኳ ሕግ ሆኖ አልጸናም።

ሁለተኛው ወሰን ጊዜ ነው። የሎናይፍ ከተማ አጠገብ ጃይንት የተባለው የወርቅ ማውጫ በ2004 ሲዘጋ ከመሬት በታች 237,000 ቶን አርሴኒክ ትራይኦክሳይድ ብናኝ ትቶ ሄደ። ባለቤቱ ኩባንያ ከስሯል፤ ዕዳው የመንግሥት ሆነ። ዕቅዱ ብናኙን በየክፍሉ አቀዝቅዞ ማቆየት ነው። በ2015 ስምምነት የተቋቋመው ተመልካች ቦርድ ክትትል ብቻ ሳይሆን ለብናኙ ዘላቂ መፍትሔ ምርምር የማስደረግ ኃላፊነትም ተሰጠው። እስካሁን ካየኋቸው አወቃቀሮች ሁሉ ይህኛው የተሻለ ይመስለኛል፤ የመጣው ግን ማውጫው ከተዘጋና ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በራንጀርም ማቀነባበሩ በጃንዋሪ 2021 ሲቆም መሬቱን መልሶ የማልሚያው ወጪ ግምት ከ2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር አለፈ፤ የጊዜ ገደቡም በሕግ ተራዘመ።

ለገ ደንቢ

ጥያቄው ለእኛ የሩቅ አይደለም። በጉጂ ዞን ሻኪሶ አቅራቢያ ያለው የለገ ደንቢ ወርቅ ማውጫ በሚድሮክ ወርቅ ሥር ለሃያ ዓመታት ሠርቶ ፈቃዱ በ2010 ዓ.ም. ሲታደስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ነዋሪዎች የፅንስ መጨንገፍ፣ ከአካል ጉዳት ጋር የሚወለዱ ሕፃናትና የከብት ሞት በዝቷል ብለው ከማውጫው ፍሳሽ ጋር አያያዙት። ኩባንያው አስተባበለ። በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን አገደ፣ ጥናትም አሠራ። ማውጫው በ2013 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመለሰ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በየካቲት 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ ጥናቶቹ አሳሳቢ የብክለት ውጤት ቢያሳዩም ለሕዝብ አልተገለጡም ሲል ከሰሰ።

የሕጉን ታሪክ ያየ ሰው ይገረማል። የአካባቢ ጥበቃ አካላትን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 295/1995 በመግቢያው ላይ ልማትን የሚሠራውና አካባቢን የሚቆጣጠረው አካል ይለያይ፣ የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ይላል። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን ግዴታ አደረገ። ከዓመታት በኋላ ግን የግምገማ ሰነዶችን የመመርመርና የማጽደቅ ሥልጣን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ተላለፈ፤ የማዕድኑም ለማዕድን ሚኒስቴር። አዋጁ የፈራውን ውክልናው መልሶ አመጣው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዋና ኦዲተር የጠቆመችው በሽታ ይኸው ነው።

በገንዘቡ በኩል ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የማዕድን ዘርፍ ግልጽነት ኢኒሼቲቭን በዕጩነት ተቀላቅላ መንግሥት፣ ኩባንያዎችና የሲቪል ማኅበራት አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት አሠራር ጀምራለች። ለውሃው እንዲህ ያለ ጠረጴዛ የለም። ሰባት ሰው ያለው ኤጀንሲ ወይም የራሱ ሕግ ያለው ሳይንቲስት ነገ ይቋቋም ማለት ዘበት ሊሆን ይችላል። ለመጀመር ግን አዲስ ተቋምም፣ አዲስ አዋጅም፣ የውጭ እርዳታም የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ፦ ስለ ለገ ደንቢ የተሠሩት ጥናቶች ከነሙሉ ሠንጠረዦቻቸው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ይታተሙ፤ ያልተስማማው ወገንም፣ ኩባንያውም ሆነ ሚኒስቴሩ፣ ያልተስማማበትን ምክንያት በጽሑፍ ያቅርብ።